የተስፋዓለም ክብ ቤት

ተስፋዓለም የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ሰው ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ሁሉም ኢንጂነር ይለዋል። መጀመሪያ አካባቢ «አርክቴክት ነኝ» እያለ ያርም ነበር። አንድ ቀን የገዛ እናቱ ለጎረቤት «ልጄስ ኢንጂነር ነበር፣ አርክቴክት የሚሉት ነገር ይዞት ነው እንጂ» ብለው ሲያስረዱ ሰማና ማረሙን ተወ።

የተወለደው ሮብ ገበያ ነው፤ የጮቄ ብርድ ያሳደገው ሰው። የሱፍ ቆቡን ቤት ውስጥም የማያወልቀው ለዚህ ይመስለኛል። ከንቲባ ፊት አላወለቀም፤ የእጮኛውን ወላጆች ሊጠይቅ ሄዶም አላወለቀም።

አዲስ አበባ ተምሮ ጥቂት ዓመታት መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች ሲስል ኖረ። ሰልችቶት ተመለሰና ማርቆስ ላይ ቢሮ ከፈተ። እዚህም የመጣው ባለጉዳይ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ የጎረቤቱን ሕንፃ ፎቶ ያሳየውና «ይህንኑ፣ ግን በአንድ ፎቅ የሚበልጥ» ይለው ነበር።

አሠራሩ ደግሞ ሰውን ያሳስባል። እርሳስ ከማንሳቱ በፊት በርጩማውን ይዞ ቤቱ የሚሠራበት ቦታ ይሄድና ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፣ ሰው በየት አቋርጦ እንደሚያልፍ ያያል። ለባለቤቱ የሚታየው ግን በእሱ ብር የተቀመጠ ሰው ነው። ጉንደ ወይን ላይ አንድ ባለመሬት አሞት መስሏቸው ጠበል ልከውለታል።

በልቡ ያለው ክብ ቤት ነበር። አያቶቹ በክብ ጎጆ ኖረው እሱ በማዕዘን መታሰሩ ያበሳጨዋል። ነፋስ በክብ ግድግዳ ላይ ይንሸራተታል፣ ማድ ቤቱ መሃል ከሆነ ሙቀቱ ለሁሉም ይደርሳል እያለ ለብዙ ሰው አስረዳ። እሺ ያሉት ጋሽ ዋኘው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም እሺ ያሉት እንዲያ ያለ ቤት ሌላ ነጋዴ ስለሌለው ነው።

ጋሽ ዋኘው አማኑኤል ከተማ ይነግዳሉ። ሲያወሩ ከመንገዱ ማዶ ይሰማሉ፤ ስልክ ሲደውሉማ ስልኩ ትርፍ ይመስላል። ዋናው መንገድ ዳር ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነበር። ተስፋዓለም ግድግዳውን በጥርብ ድንጋይ አሠራ። ማድ ቤቱን መሃል፣ ተመጋቢውን ዙሪያውን አደረገ። የጣሪያው ጫፍ ዝናብ እንዳያስገባ የብረት ጉልላት ደፋበት። ግቢው ውስጥ ከነበሩት ጥዶች አንዱንም አላስቆረጠም። የሥጋ መስቀያውን ለዓይን አያምርም ብሎ ጓሮ ደበቀው።

ቤቱ በተከፈተ ማግስት እማማ እቴናት የሚባሉ የሰፈሩ ባልቴት ከገበያ ሲመለሱ ቆም አሉና ተሳለሙት። ግንቡን በግንባራቸው ነክተው፣ ስመው፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ሌላውም ተከተለ። የሚያልፈው ሚኒባስ ተሳፋሪ ሁሉ ያማትባል። ለመብላት የሚገቡት ደግሞ ባሱ። አንዳንዱ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ባልና ሚስት ተያይዘው ይመጡና ሳያስቡት እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ ይቀመጣሉ፤ አስተናጋጇ ሂዊ የአንድ ትዳር ጥብስ ለሁለት ወገን ታመላልሳለች። ሁሉም በሹክሹክታ ያዛል። ቢራ የሚጠይቅ የለም።

ጋሽ ዋኘው ተስፋዓለምን አስጠሩት።

«ኢንጂነር፣ እኔ ምግብ ቤት ሥራልኝ አልሁህ እንጂ ደብር ትከልልኝ አልሁህ?»

«ጋሼ፣ ሰው እስኪለምደው ነው።»

«ትናንት አንዱ ቄሱ የት ናቸው ብሎ ጠየቀኝ። ቁርጥ አዞ።»

ካልተስተካከለ ፊቱን በብሎኬት አራት ማዕዘን እንደሚያደርጉት፣ ጥዶቹንም እንደሚያስቆርጡ ነገሩት። ብሎኬቱ ግቢው ውስጥ ተከምሮ ነበር። ተስፋዓለም በሕይወቱ የሠራው ክብ ቤት ደግሞ ይህ ብቻ ነው።

«ምግብ ቤት» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አሰቀለ። እማማ እቴናት ፊደል ስላልቆጠሩ ጽሑፉንም ተሳለሙት። ዘፈን አስከፈተ፤ ሽማግሌዎች መጥተው በደጀ ሰላም እንዴት ይዘፈናል ብለው ጋሽ ዋኘውን ገሠጿቸው።

በመጨረሻ በርጩማውን ይዞ ከመንገዱ ማዶ ተቀመጠ። ሲሳለሙ ሲያይ ዋለ። ባዘዘው የሚባለው ሥጋ ቆራጭ የጓሮው በር ተቆልፎበት የበሬ ታፋ ተሸክሞ በፊት ለፊት ሲገባ፣ እማማ እቴናት እዚያው ግንቡ ሥር አጎንብሰው ነበር። ከንፈራቸው ድንጋዩ ላይ ሊያርፍ ሲል ዓይናቸው ከታፋው ጋር ተጋጠመ። ቀና ብለው ቤቱን ከጉልላቱ እስከ መሠረቱ አዩት።

«ይኸማ ሥጋ ቤት ነው» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ገበያ ላይ እንደተታለለ ሰው እየተቆጡ ሄዱ።

ተስፋዓለም ገባው፤ ባይገባው በወደደ። ሥጋው ፊት ለፊት መሰቀል አለበት ማለት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ድንጋዩን አንድ በአንድ የመረጠለት የፊቱ ግንብ ሊፈርስ ነው። ሌላ መላ ሲፈልግ እስኪመሽ ተቀመጠ። አላገኘም። ግንቡ ሲፈርስ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። በቦታው ነጭ ሸክላ የተለጠፈበት፣ ዙሪያው ቀይ የተቀባ ትልቅ የሥጋ መስኮት ወጣ። አስቀያሚ ነው፤ እሱም ይህን አይክድም።

መላው ግን ሠራ። የተሰቀለ በሬ የሚሳለም አልተገኘም። ባልና ሚስት አንድ ገበታ ቀረቡ፣ ቢራው ተከፈተ፣ ቤቱ በጫጫታ ተሞላ። ጋሽ ዋኘው ብሎኬቱን ግን አላነሱም፤ ለማንኛውም ይቀመጥ አሉ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። መንጠቆው ባዶውን ቀረ፣ ባዘዘውም አገሩ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ዋኘው ደወሉ። «ቶሎ ና» ብቻ አሉ፤ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም ነበር። ተስፋዓለም ከንዴት ብዛት ድምፃቸው የተዘጋ መሰለው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደ። ሲደርስ ቅዳሴ ወጥቷል፤ እማማ እቴናት ከቀረው ግንብ ሥር እየተሳለሙ ነው። ተከምሮ የነበረው ብሎኬት ከግቢው የለም። ፊቱን አራት ማዕዘን ማድረጉ ተጀምሯል ብሎ እየተጣደፈ ገባ።

ቤቱ ጢም ብሏል። ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ፣ ነጠላ እንዳጣፉ ሽሮና በያይነቱ ይበላሉ። ማድ ቤቱ ውስጥ ማንኪያ ሲወድቅ ይሰማል። ጋሽ ዋኘው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ተቀበሉት።

«ቀስ በል፣ ሰው እየበላ ነው» አሉት በሹክሹክታ።

«ብሎኬቱስ፣ ጋሼ?»

«ወንበር አልበቃ ቢለኝ መቀመጫ አደረግሁት። ሂድ፣ አረፍ ብለህ ብላ።»

ተስፋዓለም በግራ በኩል ከወንዶቹ መሃል ብሎኬት ላይ ተቀመጠ። ቆቡ ከራሱ ወርዶ ጉልበቱ ላይ መቀመጡን ያየው ሂዊ ሽሮውን ስታቀርብለት ነው።