ለአራት ሰው የሚሆን ባሕር ዳርቻ

ባሕር ዳርቻ የመምረጡ ሥራ እኔ ላይ የወደቀው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ እየበላን ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወቅቱም ጾም ስለነበር አራታችን አንድ ትሪ በያይነቱ ከበን ተቀምጠናል። ባለቤቴ ልጃችን ከትምህርት ቤት በምታርፍበት ሳምንት ሃዋይ እንድንሄድ ወስና፣ ትኬቱን ቆርጣ፣ ማረፊያውን ይዛ ጨርሳለች።

«ቢቹን ደግሞ አንተ ምረጥ» አለችኝ።

«የትኛውን ቢች?»

«የምንሄድበትን ነዋ! ደሴት ድረስ ሄደን ክፍል ውስጥ ልንቀመጥ ነው?»

ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ባሕር ባሕር ነው፤ ዳርቻውም አሸዋ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሎስ አንጀለስ ስኖር ባሕሩን ያየሁት ባብዛኛው ከመኪና ውስጥ ሆኜ ነው።

በማግስቱ ሚራክል ማይል ሰፈር፣ በምሠራበት ፓርኪንግ፣ መኪና ጋብ ሲል ስልኬን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። በዚያው ግራ ገባኝ። ለካ እያንዳንዱ ዳርቻ የራሱ ሥራ አለው። አንዱ ለመዋኛ፣ አንዱ ሰርፍ ለሚሉት፣ በጣውላ ቆሞ ሞገድ ላይ ለመንሸራተት፣ አንዱ ዓሣ ለማየት፣ አንዱ ደግሞ ዳር ዳሩን በእግር ለመሄጃ ብቻ ነው፤ ውሃው አይነካም። በበጋ ሕፃን የሚዋኝበት ቦታ በክረምት ሰው ይገድላል ይላል። እኛ የምንሄደው በመጋቢት ነው። መጋቢት ለእነሱ በጋ ይሁን ክረምት አንዱም ገጽ አይናገርም። ስለ አንድ ዳርቻ አንዱ «ለጀማሪ የተመቸ» ሲል፣ ሌላው ስለዚያው ዳርቻ «ልምድ የሌለው ድርሽ እንዳይል» ብሎ ጽፏል።

የእኛም ሰዎች ፍላጎት አንድ አይደለም። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰርፍ ካላደረግኩ ብላለች። ባለቤቴ ጋርዴና የሚባል ሰፈር ውስጥ ቀኑን ሙሉ አረጋውያን ስትንከባከብ ስለምትውል፣ ማንም የማይጠራት ጸጥ ያለ ቦታ መተኛት ነው የምትፈልገው። እኔ ዋና አልችልም፤ ቢሆንም ቆሜ፣ ፊቴን ብቻ ነክሬ፣ በቱቦ እየተነፈስኩ ዓሣ ባይ ደስ ይለኛል። አራተኛው አማቴ ናቸው። ከደሴ ከመጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ዓይነት ዳርቻ ይሻልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንተ የመረጥከው ይሆናል።»

እሳቸው ጨርሶ አልገቡኝም። ሃውቶርን ካለው ቤታችን እስከ ባሕሩ በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም። ስንት ጊዜ ልንወስዳቸው ጠይቀናል! አንዴ ነፋስ ነው፣ አንዴ ጉልበቴን አሞኛል፣ አንዴ ሌላ ቀን። ስለ ውቅያኖስ ሲያስተምር የኖረ ሰው ባሕር አጠገቡ ሆኖ እንዴት አያየውም?

ፌርፋክስ ላይ ሁላችንም ምክር የምንጠይቀው አንድ የቀድሞ ታክሲ ነጂ አለ። ሃዋይ ሁለቴ ሄዷል።

«የደሴቲቱን ደቡብ ያዝ። አለቀ» አለኝ።

«ልጅቷ ሰርፍ ትፈልጋለች እኮ።»

«ሶ፣ ሰሜን ውሰዳታ።»

«ሰሜኑ አደገኛ ነው ይላል።»

«አደገኛ ካልሆነማ ምኑን ሰርፍ ሆነ?»

ከበፊቱ የባሰ ተምታቶብኝ ተመለስኩ። ያን ዕለት ማታ አማቴ ስልኬ ላይ የደሴቲቱን ካርታ አዩና መነጽራቸውን አደረጉ። «ነፋሱ በዚህ ይገባል» አሉ፣ በጣታቸው ሰሜን ምሥራቁን እየነኩ። «ተራራው ይይዘዋል። ዝናቡ እዚህ ይቀራል፤ ይኼኛው ወገን ደረቅ ነው።» ከሳምንት ንባቤ የበለጠ የገባኝ ይኼ ነው። «ሞገዱስ ጋሼ?» ስላቸው ግን «ሞገዱ ሌላ ነው፤ ከሩቅ ነው የሚመጣው» ብለው ስልኩን መለሱልኝና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ያስቀየምኳቸው መሰለኝ።

በመጨረሻ ሰሜኑን ለልጄ፣ ምሥራቁን ለእኔና ለአማቴ፣ ደቡቡን ለባለቤቴ መደብኩ።

ሃዋይ በደረስን በመጀመሪያው ቀን ሰሜን ሄድን። ሞገዱ እንደ ፎቅ ቤት እየተነሣ ይፈርሳል። ቀይ ባንዲራ ተተክሏል። ማማው ላይ ያለው ጠባቂ ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አይቶ «ዛሬ አይሆንም» አላት። እስከ ማረፊያችን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች።

በሁለተኛው ቀን ምሥራቅ ሆነ። ድንጋይ ተደርድሮ ሞገዱን የሚያግድበት፣ ውሃው ወገብ የማያልፍ ቦታ ነው። ለሽማግሌ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም ብዬ ኮርቼ ነበር። እኔ ሁለት ቢጫ ዓሣ አይቼ ብዙ የጨው ውሃ ጠጣሁ። አማቴ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ።

«ጋሼ፣ አይገቡም?»

«ይኼ ባሕር አይደለም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ገንዳ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ደቡብ ወረድን። ባለቤቴ ፎጣዋን ዘርግታ ገና ከመጋደሟ አንድ ትልቅ፣ ግራጫ የባሕር እንስሳ ከውሃው እየተጎተተ ወጥቶ አጠገቧ ተኛ። ዋልረስ የሚሉት እንስሳ ነው አልኩ፤ ልጄ «ሲል» የሚባለው ነው ብላ አረመችኝ። ወዲያው ሰዎች መጥተው ማንም እንዳይቀርበው ዙሪያውን ገመድ ወጠሩ። የሚያየው ሕዝብ ተሰበሰበ። ባለቤቴ «ይኼ ነው ጸጥ ያለው?» ብላኝ ልጅቷን ይዛ ሌላ ቦታ ፍለጋ ሄደች።

ዕቃ እየሰበሰብኩ ቀና ስል አማቴ ጫማቸውን አውልቀዋል። ካልሲያቸውን አጥፈው ጫማው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ሱሪያቸውን እንኳ ሳይጠቀልሉ፣ ሊያስተምር ክፍል እንደሚገባ ሰው ቀጥ ብለው ወደ ውሃው ሄዱ።

«ጋሼ! የት ነው? ጋሼ!»

ዞረው አላዩኝም። ውሃው ወገባቸው ሲደርስ አንድ ሞገድ መጣና ከዓይኔ ሰወራቸው። እኔም ዋና አለመቻሌን ረስቼ ሮጬ ገባሁ። የሚቀጥለው ሞገድ አነሣና ገለበጠኝ። ላይና ታቹ ጠፋኝ። አሸዋ አፌ ገባ። እጄን ሳወራጭ አንድ ሰው የሸሚዜን ኮሌታ ጨምድዶ ወደ ላይ ሳበኝ።

«ቁም! መቆም ትችላለህ!»

የመምህር ድምፅ ነው። ቆምኩ። ውሃው ወገቤ ድረስ ብቻ ነበር። ላድናቸው ገብቼ ያዳኑኝ አማቴ ናቸው።

አሸዋው ላይ ወጥተን ተቀመጥን። ስስል ጀርባዬን መታ መታ አደረጉልኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ከውሃው ሳይነቅሉ፣ ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

«አንዲት ተማሪ 'መምህር፣ እርስዎ ባሕር አይተዋል?' አለችኝ። አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ አፈርኩ። አዎ አልኳት። የት አለችኝ። ምጽዋ አልኳት።»

«አላዩም ነበር?»

«የት አይቼ! ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እንዳየ ሰው ሆኜ አስተማርኩ። ሽታው እንዲህ ነው፣ ድምፁ እንዲህ ነው እያልኩ። ልጄም እኔው ክፍል ነው የተማረችው። ሚስትህ።»

ባለቤቴ አባቷ ምጽዋን እንዴት እንደሚተርኩ ለሰው ሁሉ ስታወራ እሰማ ነበር። ያንን ውሸት ልበለው? ምን ልበለው?

«ታዲያ ያስተማሩት ልክ ነበር?» አልኩ።

እጃቸውን አሸዋው ውስጥ ከተቱ። «ድምፁን ልክ ነበርኩ። ውሃው ሲመለስ ከእግርህ ሥር አሸዋውን ይዞት እንደሚሄድ ግን አላውቅም ነበር። መጽሐፉ ላይ የለም።» ከዚያ እርጥብ ሱሪያቸውን እያዩ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጨው ይሁን እንባ አላወቅኩም።

ባለቤቴ ተመልሳ «ምን ሆናችሁ?» ስትል አማቴ «ልጁ ዋና ሲለማመድ ነው» አሏት። እኔም ኮሌታዬ ውስጥ የገባውን አሸዋ ማራገፍ ያዝኩ።

በማግስቱ እዚያው ደቡብ፣ ለዓሣ ማያ እንኳ ያልመረጥኩት ቦታ፣ ልጄ ከአንድ አስተማሪ ጋር ሰርፍ አደረገች፤ ቆጥሬያለሁ፣ አራት ጊዜ ቆመች። ባለቤቴ ጸጥታዋን ያገኘችው ማረፊያችን ጓሮ፣ ሣር ላይ ነው። የዚያን ሳምንት ሙሉ የትኛው ዳርቻ ለምን እንደሆነ ከእኔ የባሰ ያልገባው ሰው አልነበረም።

ከተመለስን በኋላ አማቴ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ወደ ባሕሩ ድራይቭ እንዳደርጋቸው ራሳቸው ይጠይቁኛል። እስከ ጉልበታቸው ይገቡና አሸዋው ከእግራቸው ሥር ሲሸሽ እየተሰማቸው ይቆማሉ። ባለቤቴ «አባዬን ምን ነካው?» ትለኛለች። አላውቅም እላታለሁ።

ባለፈው እራት ላይ ልጄ ስለ ባሕር ውሃ መሙላትና መጉደል የቤት ሥራ እንዳላት ስታነሣ፣ ባለቤቴ «አያትሽን ጠይቂው፤ ምጽዋን አይቷል እኮ» አለቻት። አማቴ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ንገራት ነው? ዝም በል ነው? ወይስ እኔ ራሴ ልንገራት ነው? ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ። እሳቸው ግን ለልጅቷ «ወረቀት አምጪ» አሏት፤ ከዚያ ምጽዋን ሳያነሡ ጨረቃንና ምድርን መሣል ጀመሩ።