እማዬ ለመጽሐፌ ጀግና ነጠላዋን ዘቀዘቀች

ዛሬ ሮብ ገበያ ከተማ ያለው ቤታችን ስገባ እማዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ አገኘኋት። ደንግጬ «ማን ሞተ?» አልኳት።

«ፍሬው!» አለችኝ።

ፍሬው በጮቄ ተራራ ላይ ደመና የሚጋልበው የልብ ወለዴ ጀግና ነው። እህቴ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ቅጽ ስታነብላት ሞቱን ሰምታለች።

«የክርስትና ስሙን ንገሪኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ላስጠራለት።»

«እማዬ፣ እኔ የፈጠርኩት ልጅ እኮ ነው!»

«አንቺው ወልደሽ አንቺው ገደልሽው?»

(ሦስት ቅጽ ሙሉ ከዘንዶ ጋር ሳዋጋው ክርስትና ማስነሣቱን ረስቼዋለሁ።)

«መጨረሻውን ቀይሪው» እያላችሁ የምትጽፉልኝ ወዳጆቼ፣ አልቀይረውም። እማዬን ነጠላ ያስዘቀዘቀ መጨረሻ አይነካም።

እናንተስ ቤት እንዲህ የተለቀሰለት የመጽሐፍ ሰው አለ? ጻፉልኝና ላንብብላት፤ ለቅሶ ብቻዋን እንዳትቀመጥ።