የካጃልካሊ የውሃ በር ጠባቂ

አፍሳር ጋይን በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቱ ተሳሳተ ተብሎ አያውቅም። የካጃልካሊ መሬት ከወንዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ ዙሪያውን በአፈር ክትር ታጥሯል፤ በክትሩ ሆድ ውስጥ አንድ የብረት በር አለ። ባሕሩ ሞልቶ የጨው ውሃውን ወደ ወንዙ ሲገፋ አፍሳር መዘውሩን አዙሮ ይዘጋል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ከፍቶ የዝናቡን ውሃ ያስወጣል። ይኸው ነው ሥራው። ቀጣሪው የውሃ ቢሮ በትርፍ ጊዜው ደብዳቤ አድራሽም ስላደረገው፣ የወረዳውን ቢሮዎች ሁሉ ከነጠባያቸው ያውቃቸዋል።

አውሎ ነፋሱ ጨረቃ በሞላችበት ዕለት መጣና ከበሩ በስተደቡብ ክትሩን በጠሰው። ከዚያ ወዲህ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ በክፍተቱ ይገባል፣ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ሕዝቡ ከነከብቱ ክትሩ ላይ ሸራ ወጥሮ ሰፍሯል። ክፍተቱን ለመድፈን ሁለት ጊዜ ተሞከረ፤ ውሃው ሁለቱንም ጊዜ የአሸዋ ጆንያውን እንደ ገለባ ጠርጎት ሄደ። ለእርዳታ የመጡት ወታደሮችም፣ መንደርተኛውም፣ የውሃ ቢሮዋ መሐንዲስም እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው።

መንግሥት የሚባለው ነገር ከሩቅ ሲያዩት አንድ ትልቅ ሰው ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን እጁ አንድ ቢሮ፣ እግሩ ሌላ ቢሮ ነው፤ እጁ እግሩን የሚያናግረው በደብዳቤ ነው። የአሸዋው ጆንያ የውሃ ቢሮ ነው፤ ጆንያውን ደግፎ የሚያቆመው አጠና ግን ያለው ደን ቢሮ ነው። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ሁሉም የየራሱን ድርሻ በሚገባ ይዞ፣ የሌላውን ድርሻ ይጠብቅ ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ባሕሩ እየሸሸ ሳለ፣ የአፍሳር ልጅ ማጅዳ እንደ ፈንዲሻ የተቆላ ሩዝና የሸንኮራ ስኳር በሳህን ይዛ ወደ በሩ መጣች።

«አባዬ፣ ባሌ ከደላላው ጋር ጨረሰ። ቅዳሜ ለቀን ሥራ ሩቅ አገር ወዳለው የጡብ ምድጃ እንሄዳለን።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹማ ጡብ ይገለብጣሉ እንጂ ምን ያደርጋሉ? ትምህርት ቤቱ እንደሆነ ዓሣ ገብቶበታል።»

«ሐሙስ የሞተው ሙላት ነው» አላት። ባሕሩ በወር ሁለት ጊዜ የሚደክምበትን ቀን እንዲያ ነው የሚሉት። «ሐሙስ ይደፈናል።»

«ካልተደፈነስ?»

ከሐሙስ በኋላ ባሕሩ እንደገና ጉልበት ያወጣል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ያን ጊዜ መድፈን ማለት የሚቀጥለው በጋ ማለት ነው። እስከዚያ ማጅዳና ልጆቿ እዚህ አይኖሩም።

ሩዙን እያኘከ በሩ ሥር የተንሳፈፈ ድርቆሽ ላይ ዓይኑ አረፈ። ድርቆሹ አይንቀሳቀስም። ቀና ብሎ ወደ ክፍተቱ አየ፤ እዚያ ያለው ድርቆሽ እንደ ቀስት ይወረወራል። እንደገና በሩን አየ። ተዘግቷል። ራሱ ነው የዘጋው። «በአደጋ ጊዜ በሮች ሁሉ ይዘጉ» የሚል መመሪያ ነበር፤ እጁም የጨው ውሃ ሲያይ መዝጋት እንጂ ሌላ አያውቅ። ውሃው ከገባ በኋላ ግን በሩ የሚከላከለው ምኑን ነው? የመንደሩ ውሃ በሙሉ መውጫ አጥቶ በዚያ ክፍተት ብቻ እየወጣ፣ ሲወጣም እየሸረሸረ፣ ጆንያውን እየጠራረገ ነበር። ሳህኑን አስቀመጠና ሮጠ፤ በስድሳ ሦስት ዓመቱ በጭቃ ላይ ሮጠ።

ክትሩ ላይ በተተከለው የኃላፊዎቹ ድንኳን ውስጥ የውሃ ቢሮ መሐንዲሷ ታንዚላ፣ የደኑ ኃላፊ ቢካሽና የዓሣ ሀብቱ ኃላፊ ሎክማን ካርታ ላይ ተጎንብሰው ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አፍሳር ትንፋሹ ሳይመለስ።

«አውሎ ነፋሱንም የጠሩት እርስዎ ነዎት እንዴ ቻቻ?» አለ ሎክማን። አጎት ማለቱ ነው፤ ሽማግሌውን ሁሉም እንዲያ ይጠራዋል። ሳቁ።

አፍሳር አልሳቀም። ድርቆሹን ነገራቸው። በሩን መዝጋቱን፣ ሳያስብ መዝጋቱን፣ አንድ ቀን እንኳ አለመክፈቱን ነገራቸው። ታንዚላ እርሳሷን አንስታ በካርታው ጠርዝ ላይ ስትደምር ቆየችና እርሳሱን ወረወረችው።

«መመሪያውን የጻፍነው እኛ ነን ቻቻ። ሁለት ጊዜ ጆንያ ስናስበላ እኔም አላየሁትም። ዛሬውኑ ይክፈቱት!»

«ብከፍተውም አይወጣም አፓ» አላት አፍሳር፤ እህቴ ማለቱ ነው። «ከበሩ ጀርባ ያለው ቦይ እስከ መስጊዱ ድረስ በቀርከሃ አጥር ታንቋል። ሽሪምፕ፣ ያቺን ትንሽ የባሕር ፍጥረት፣ ለገበያ የሚያረቡት ሰዎች አጥር ነው።»

ሁሉም ወደ ሎክማን ዞሩ።

«ውል አላቸው» አለ ሎክማን። «አጥሩን ለማፍረስ ከበላይ ፊርማ ያስፈልጋል። ቢፈጥን ሰባት ቀን።»

«ሽሪምፑ እኮ ባሕር ገብቷል ጌታዬ!» አለ ቢካሽ። «አጥሩ የሚጠብቀው የማንን ነው? የባሕሩን?»

«አንተስ? አጠና ስትጠየቅ ከተከለለ ደን ዱላ መቁረጥ ወንጀል ነው ስትል አልነበር?»

«ነው እንጂ።» ቢካሽ ጢሙን አሻሸ። «ነፋሱ የጣላቸው ሁለት መቶ ዛፎች ግን አሉ። ነፋስን ልከስ አልችልም። አጠናውን እሰጣለሁ፤ በምትኩ ክትሩ እንደቆመ በወንዙ በኩል እግሩ ሥር ሃምሳ ክንድ የጨው ውሃ ዛፍ እተክላለሁ፤ ፍየል ድርሽ እንዳይል።»

«ትከል!» አለ ሎክማን። «እኔም አጥሩን አስነሳለሁ፤ ከጠየቁኝ ውሃው ወሰደው እላለሁ።»

«አይሆንም» አለች ታንዚላ። «እውነቱን እንጽፋለን፤ ሦስታችንም እንፈርማለን።»

ወረቀቱን በአፍሳር ጀርባ ላይ ዘርግተው ፈረሙ። ሽማግሌው ጎንብሶ ሦስቱ እስክሪብቶዎች በተራ ሲኮረኩሩት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከደጅ ደጅ ያመላለሰው ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያልቅ ተሰማውና ሳቁ አመለጠው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ክትሩ በሰው ጠቆረ። ቦዩ ማክሰኞውኑ ተጠርጓል፤ በሩም ሳይዘጋ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ውሃውን ሲያስወጣ ሰንብቷል። በክፍተቱ ያለው ፈሳሽ ጉልበቱ ግማሽ ሆኗል። የደን ጠባቂዎቹ አጠናውን እየተከሉ፣ ወታደሮቹ ጆንያውን ከጀልባ እያወረዱ፣ ሴቱና ወንዱ የጭቃ ድብልብል ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ «ሄይ-ዮ! ሄይ-ዮ!» እያሉ ከሁለቱም ወገን ገፉ። አሥር ክንድ ቀረ። አምስት ቀረ። ማጅዳ እስከ ወገቧ ጭቃ ውስጥ ገብታ፣ ሻሿን ጥላ፣ ከፊቷ ያለውን ወታደር «ክንድህ የሙሽራ ክንድ ነው እንዴ? ቶሎ በል!» ትለዋለች።

አፍሳር ይህን አላየም። እሱ በሩ ላይ ነበር። ባሕሩ የሚዞርበት ቅጽበት ሲደርስ፣ የመጨረሻው ጆንያ ሲገባ፣ በሩ መዘጋት አለበት፤ ቀድሞ ቢዘጋ ውሃው ክፍተቱን ይበጥሳል፣ ቢዘገይ ባሕሩ በበሩ ይገባል። በክትሩ ላይ ከመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ሰባት ሰዎች ምልክቱን ከክፍተቱ እስከ በሩ ሊያቀባብሉ ቀይ ባንዲራ ይዘው ተደርድረዋል። አንደኛው ባንዲራ ተነሳ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው... ሰባተኛው!

መዘውሩን ያዘ። እምቢ አለው። ዝገትና ጨው ነክሶታል። «ያ አላህ!» አለና ተንጠለጠለበት፤ ንቅንቅ የለም። ከሥሩ ውሃው መፍሰሱን አቆመ። ባሕሩ ዞረ።

«ሰው!» ብሎ ጮኸ።

መጀመሪያ የደረሰው ሎክማን ነበር፤ ጫማውን አውልቆ ወርውሮ መዘውሩን ያዘ። ቢካሽ ተከተለው። ሁለት ዓሣ አጥማጆችና አንድ ወታደር ተጨመሩ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ገፉ፤ ብረቱ እንደ ከብት አገሣና ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ዞረ፣ ዞረ፣ በሩም ወርዶ ጭቃውን ነከሰ።

ከዚህ በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅ ነበር። ሰው የሚፈተነው ሲሠራ ሳይሆን ሠርቶ ሲጠብቅ ነው። ታንዚላ በክትሩ ውስጠኛ ጎን ምልክት ያለው እንጨት ተከለች። በወንዙ በኩል ውሃው ወጣ፣ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ። አዲሱ ክትር አቃሰተ፤ ጥቂት አፈር ተንዶ ሃያ ሰው ሊደፍነው ዘለለበት። በውስጠኛው እንጨት ላይ ግን ውሃው ከምልክቱ አላለፈም። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት።

«አልጨመረም!» አለች ታንዚላ። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ «አልጨመረም! አልጨመረም!»

ማጅዳ ጭቃ እንደለበሰች አባቷ ዘንድ መጣች።

«ለደላላው መልሱን ባሌ ይንገረው፤ እኔ ጊዜ የለኝም» አለችው። «አሁን ጨዉ ከማሳው የሚወጣው እንዴት ነው?»

«ባሕሩ በሸሸ ቁጥር እከፍታለሁ፤ ሲመለስ እዘጋለሁ። ዝናቡ ያጥበዋል። አንድ ክረምት፣ ምናልባት ሁለት።»

«ማን አዝዞህ?»

አፍሳር ሦስቱን ኃላፊዎች አየ። ሦስቱም እሱን ያያሉ፤ አንዱም ወረቀት አላወጣም።

«ቻቻ፣ ሰዓቱን እርስዎ ይንገሩን» አለች ታንዚላ።

አመሻሹ ላይ ባሕሩ ሸሸና መዘውሩን አዞረ። የመንደሩ ውሃ ግራጫ ሆኖ፣ ድርቆሽና የሞተ ዓሣ ተሸክሞ በበሩ ሥር እየተንደቀደቀ ወጣ፤ ሕዝቡም በቦዩ ዳርና ዳር አብሮት እየሮጠ እስከ ወንዙ ሸኘው።