የሞሚና ምርቃት

ባለፈው እሁድ ልጆቼ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠው ይንከተከታሉ። ድራማው ውስጥ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ አለች፤ አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ማቀዝቀዣ ሲከፈት ትበረግጋለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዞር ስል ቤታችን የምትሠራው ትርንጎ ሰሃን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። አልሳቀችም። አፈርኩ፤ ካርቱምም ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ማንሺያ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ዓባይ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ እሠራለሁ። አብራኝ ድንበር የተሻገረችው ሞሚና ደግሞ እዚያው ከተማ ጣኢፍ የሚባል ሰፈር ተቀጥራ አህመድ የሚባል ሕፃን ታሳድጋለች። ዓርብ ዓርብ፣ አቧራ በጠገበ ሚኒባስ ተንገላተን፣ ከተማው ዳር፣ ሶባ በጋራ በተከራየናት ክፍል እንገናኛለን። ወሬዋ ሁሉ አህመድ ነው፦ አህመድ ጥርስ አወጣ፣ አህመድ ስሜን ጠራ። ሞሚና ልጅ ወልዳ የቀበረች ናት፤ ቢሰለቸኝም እሰማታለሁ።

የአሠሪዬ ወንድም ደራሲ ነበር፤ ለረመዳን የቴሌቪዥን ድራማ ይጽፋል። ሻይ ሳቀርብለት ስለ ሐበሻ ሠራተኞች ኑሮ ይጠይቀኛል። በዚያ ቤት ከ«አምጪ» እና «ውሰጂ» ሌላ ያናገረኝ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሞሚና አህመድን ስታስተኛ በአማርኛ እየመረቀች፣ እንዳገራችን ሽማግሌዎች እትፍ እትፍ እንደምትልበት ነገርኩት። ፍቅሯን እንዲያውቅላት ብዬ ነበር። «ማሻአላህ» እያለ ጻፈው።

ረመዳን ገባ። ከአፍጥር በኋላ ቤተሰቡ ሳምቡሳውን እየበላ የደራሲውን ድራማ ያያል። አንዲት ሐበሻ ሠራተኛ ብቅ አለች። በማይሰማ ቋንቋ እያነበነበች ሕፃኑ ላይ ተፋችበት፤ ሕፃኑ ታመመ። ሞሚናን ጠንቋይ አድርጓታል!

በማግስቱ ደራሲውን፣ «ያ ኡስታዝ፣ ሞሚና እኮ እንዲህ አይደለችም» አልኩት።

«ያ ዘይነብ፣ ሂካያ ሳኪት! ልብ ወለድ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው? ስሟን መች ጠራሁ?» ብሎ ሳቀ።

የሞሚና አሠሪ፣ የጣኢፏ እመቤት ግን ስም አላስፈለጋትም። ዓርብ ሶባ ስደርስ ሞሚና ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ዘይኔ፣ እትፍ ስለው ስንቴ አይታኝ ስቃ አልፋለች! ያንን ድራማ ካየች ወዲህ ግን ‹ያላ፣ ውጪልኝ› አለችኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ልስመው አልፈቀደችልኝም። በሩን ዘግታብኝ አህመድ ሲያለቅስ እየሰማሁት ሄድኩ።»

ክንዷን ያዝኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«የኛን ምርቃት ለዚያ ጸሐፊ ማን ነገረው ይሆን?»

«አላህ ይወቀው» አልኳት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ብዙ ዘመን ደራሲውን ስረግም ኖርኩ፤ እሱን መርገም ይቀላል። ሞሚናን አሳልፌ የሰጠኋት ግን እኔ ነኝ፣ ያውም አንድ ሰው ቢያናግረኝ ደስ ብሎኝ።

ሞሚና አሁን አገሯ ገብታ ሐይቅ ከተማ ትኖራለች። በየአረፋው ትደውልልኛለች፣ ሌላ ልጅ አልወለደችም። ካርቱም ጦርነት ከገባ ወዲህ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ዘይኔ፣ አህመዴ ተርፎ ይሆን?»

ምርቃቷን ለደራሲው የነገርኩት እኔ መሆኔን ዛሬም አልነገርኳትም። «አላህ ይወቀው» እላታለሁ።