የማህፀኔ ያልነበረው ሕመም

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ምሕረት ከመናኸሪያ ወዲህ ካለ የምርመራ ቤት ትልቅ ጥቁር ፊልም በፌስታል ይዛ ቤቴ መጣች። ወራት ሙሉ ከእምብርቷ በታች ሲያማት ከርሞ ነበር። መቀመጥ ይከብዳታል፤ ስታስል ብሽሽቷን ትይዛለች። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ዘርግታ፣ ከአከርካሪዋ ታችኛው ጫፍ ወጣ ያለች ትንሽ ጥላ በጣቷ አሳየችኝ።

«አክስቴ፣ ዲስክ ነው አሉኝ። ከቦታው ወጥቶ ነርቭ ስለተጫነ ነው ዳሌዬ ውስጥ የሚያመኝ» አለች። ያያት ሐኪም ከእሷ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው። ከወንበሩ ላይ እንዴት እንደተነሣች አይቶ ብቻ ወገቧን ጠርጥሮ ነበር።

ሳቅሁ። ምሕረት በሕመሟ የሳቅሁ መስሏት ፊቷ ተለወጠ። እኔ ግን የሳቅሁት በአንድ ሰውዬ ነው። ይህንኑ ሕመም ይዤ ከዓመት በላይ ስመላለስበት ከርሜ፣ በመጨረሻ ማህፀኔን ሊያወጣ ቀን በቆረጠ ሰውዬ።

ጊዜው የደርግ ነው። ከተማችንም ያኔ አዋሳ ነበር የምትባለው። ዛሬ ሆቴል የተደረደረበት ሐይቅ ዳር ያን ጊዜ ሸምበቆና አባ ኮዳ የሚባለው ግዙፍ ወፍ ብቻ ነበር፤ አሳ አጥማጆች የጣሉትን አንጀት ለመልቀም አባ ኮዳዎቹ እንደ ቀበሌ ሹማምንት ደረታቸውን ነፍተው ይንጎራደዳሉ። እኔ ትምህርት ጨርሼ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ነበር። አባቴ ሞቷል። እናቴ ከወላይታ መጥታ አዋሳ የከተመች ሴት ናት፤ ገበያ ላይ ቅቤና የበርበሬ ዳጣ ትሸጣለች። ኤልያስ የሚባል አስተማሪ አጭቶኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ተዘግቶ በየቤቱ ተደብቀን በምንጸልይበት ጊዜ መዝሙር የሚመራው እሱ ነበር። ድምፁ ያምራል። ከድምፁ ሌላ ምን እንዳለው ለማየት አልቸኮልኩም ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በዘመቻ ነው። የበቆሎ ምርት ሲደርስ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ ሁሉ በኤንትሬ የጭነት መኪና ጭነው ወደ መንግሥት እርሻ ወሰዱን። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ጧት ጧት ጤዛው እስከ ጉልበት ያረጥባል፣ ቀትር ላይ ደግሞ የደረቀው አገዳ ፊት ይቧጭራል። ጆንያ ሁለት ሁለት ሆነን እያነሣን መኪና ላይ እንድንጭን ታዘዝን። አንዱን ጆንያ ጎንበስ ብዬ ሳነሣ ወገቤ ላይ አንድ ነገር ሲላቀቅ ተሰማኝ። ጆንያውን ለቅቄ መሬት ተቀመጥኩ። የመራን ካድሬ መጥቶ አብዮቱ ለሚያቃስት ሰው ጊዜ እንደሌለው ነገረኝ። እሱ ራሱ ከመጣን ጀምሮ ያነሣው ነገር ቢኖር ድምፁን ነው።

የወገቡ ሕመም በጥቂት ቀን ቀለለኝ። እሱ ሲቀል ግን ሌላ መጣ። ከእምብርቴ በታች፣ ከዳሌ አጥንቴ ውስጥ፣ አንዳንዴም ብሽሽቴ ድረስ የሚሄድ የሚያቃጥል ሕመም። ወንበር ላይ ስቀመጥ ፍም ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነው። ሽንት ቤት መሄድ ጭንቅ ሆነብኝ። ቢሮ ውስጥ የጽሕፈት መኪናዬን ካዝና ላይ አስቀምጬ ቆሜ እጽፍ ጀመር፤ አለቃዬ ኩራት መሰለው። ያን ጊዜ የአዋሳ ታክሲ ጋሪ ነበር። የጋሪው ጎማ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ዓይኔ በእንባ ይሞላል። በመጨረሻ ጋሪውን ትቼ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ መሄድ መረጥኩ።

እናቴ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የሴቶች ሐኪሙ በከተማው ስመ ጥር ነበር። የተወለወለ ጫማ ያደርጋል፣ ሽቶ ይቀባል፣ በሽተኛ እያናገረ መስኮት መስኮት ያያል። ወገቤንም አሞኝ እንደነበር ስነግረው ታይፒስት ሁሉ ወገቡን ያመዋል ብሎ አለፈው። ከዚያ ማግባት አለማግባቴን ጠየቀኝ። አላገባሁም ስለው ከንፈሩን አጣሞ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በዚያ ቀን የኤልያስ እናት ወይዘሮ አበበች አብረውን መጥተው ነበር። ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለእናቴ እንዲህ አላት፦

«ያላገባች ልጅ እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ሕመም ከየት ታመጣለች? እርስዎ ቤት ውስጥ ይጠይቋት።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እጄን ይዛ ወጣች። ቤት ስንደርስ ግን አልጠየቀችኝም። ቦዬ የሚባለውን የወላይታ ሥራሥር ቀቅላ፣ ዳጣ አቅርባ፣ ቆሜ ስበላ እሷም አብራኝ ቆማ በላች። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ እኔን ግን ታውቀኛለች።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ያልሰጠኝ ስም የለም። መጀመሪያ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ፔኒሲሊን አስወጋኝ። ቀጥሎ ማህፀንሽ ዞሯል አለ። ቀጥሎ ዕጢ ነው አለ። አንዱ ሲከሽፍ ሌላውን ያወጣል፤ ተሳስቼ ነበር የሚል ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። ስሄድ ተኝተሽ ጠብቂኝ ይላል፣ ሆዴን ይጫናል፣ ይጽፋል፣ ያሰናብተኛል። አንድ ቀን እንኳን ተነሥተሽ ተራመጂ ብሎኝ አያውቅም።

ኤልያስ ወሬውን ከእናቱ ሰምቶ መጣ። ከበራችን ፊት ለፊት ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆመን፣ እሱ እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ኃጢአት ካለብኝ እንድናዘዝ መከረኝ። ስናዘዝ ሕመሙ እንደሚለቀኝ፣ እሱም ምናልባት ይቅር እንደሚለኝ ነገረኝ። ምን እንደሚል ቤቱ ተለማምዶ የመጣ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። የምናዘዘው ነገር እንደሌለ ስነግረው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ቀን በኋላም ቀረ። ወይዘሮ አበበችም ገበያ ላይ እናቴን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ቅቤያቸውን ግን ሠራተኛ ልከው ከእኛው ያስገዙ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ሐኪሙ ማህፀኔ መውጣት አለበት አለ። እኔ ገና ከሃያዎቹ መጀመሪያ ፈቀቅ አላልኩም። ልጅስ ብላ እናቴ ስትጠይቀው፣ በዚህ ሁኔታ ለማንኛውም እንደማልወልድ በአጭሩ ነግሮ ሌላ በሽተኛ ጠራ። እኔም ደክሞኝ ነበር። ሕመም ሰውን እንዴት እንደሚያደርገው ያልደረሰበት አያውቅም፤ ብቻ ይተወኝ እንጂ ምንም ይውሰዱ አልኩና እሺ አልኩ።

ኦፕራሲዮኑ ሊደረግልኝ በነበረበት ዕለት ጧት ዋርድ ውስጥ ሆኜ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሰማለሁ። አዲስ የተመደበች ሐኪም፣ ዶክተር ሂሩት የምትባል፣ ተረኞቹን ለማየት ገባች። ቀጭን ናት፤ ጋውኗ ሰፍቷታል። እኔ ከአልጋው ወርጄ ጫማዬን ለማድረግ እታገል ነበር። ጎንበስ ማለት ስላልቻልኩ ጫማውን በእግሬ ጣት ስጎትት ቆማ አየችኝ።

«ጎንበስ ማለት አትችይም?» አለችኝ።

አልችልም አልኳት። ስታስነጥሺስ ብላ ጠየቀችኝ። ሳስነጥስ ዳሌዬ ውስጥ በጩቤ የተወጋሁ ያህል እንደሚሰማኝ ነገርኳት። ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አልጋው ላይ በጀርባዬ አስተኛችኝና ግራ እግሬን ጉልበቱ ሳይታጠፍ ቀስ እያለች ወደ ላይ አነሣችው። ገና ከአልጋው ብዙም ሳይርቅ ሕመሙ ብሽሽቴ ውስጥ ገብቶ ጮህኩ። ያው የድሮው ሕመም መሆኑን ጠየቀችኝ፤ ያው ነው አልኳት። ከዚያ በመርፌ ጫፍ ቆዳዬን ነካ ነካ አደረገች፤ በግራ በኩል ከመቀመጫዬ እስከ ጭኔ ውስጥ ያለው ቦታ ደንዝዞ ኖሯል፣ እኔም አላወቅሁም። እንዴት እንደጀመረኝ ስትጠይቀኝ ስለ ጆንያው ነገርኳት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በጣቶቿ እያሳየች አስረዳችኝ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለ ነገር እንዳለ፣ የእኔ ከቦታው ወጥቶ ወደ ዳሌ የሚወርደውን ነርቭ ሳይጫነው እንዳልቀረ፣ ነርቭ ሲጎዳ ደግሞ ሕመሙ የሚሰማው ሥሩ ላይ ሳይሆን የሚደርስበት ቦታ ላይ እንደሆነ። ለእርግጠኝነት አዲስ አበባ መታየት አለብሽ አለች። ማህፀኔን የሚያስወጣ ምክንያት ግን እንዳልታያት ነገረችኝ።

ሐኪሙ ይህን ሰምቶ መጣ። በበሽተኞቹ ሁሉ ፊት ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ እሱን ልታስተምር እንደማትችል ተናገረ። ሂሩት ፊቷ ቀላ፤ ከአልጋዬ አጠገብ ግን አልተነሣችም። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ።

«ተነሺ፣ ክፍሉ ዝግጁ ነው» አለኝ።

«አልቀደድም» አልኩት።

«ዛሬ ካልሆነ ሌላ ጊዜ ስትመጪ አላይሽም።»

«አይዩኝ። እስካሁንም አላዩኝም።»

እናቴ ልብሴን ከአልጋው ራስጌ አነሣች፤ ጫማዬንም ተንበርክካ አደረገችልኝ።

አዲስ አበባ የሄድኩት በአውቶቡስ ነው። ሻሸመኔ እስክንደርስ ቆሜ፣ ከዚያ ኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ። እዚያ በጀርባዬ ቀለም ወግተው ራጅ አነሡኝ። ዲስኩ ሂሩት በጣቷ ባሳየችኝ ቦታ ወጥቶ ተገኘ። ለጊዜው ቢላ ሳይነካኝ በዕረፍት እንዲሞከር ተወሰነ። ያንን ክረምት እናቴ ቤት፣ ፍራሽ በሌለው ጣውላ ላይ ተኝቼ ጎርፉን እየሰማሁ አሳለፍኩት። እናቴ ከሐይቅ ዳር አሳ እያመጣች ሾርባውን ታጠጣኛለች። መስከረም ሲጠባ ግቢውን መዞር ጀመርኩ። ሕመሙ ጨርሶ ሄደ አልልም፤ ዛሬም ብርድ ሲበረታ ይጎበኘኛል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጬ ምሳ የበላሁበትን ቀን አስታውሳለሁ።

በዚያው ሰሞን ኤልያስ ከእናቱ ጋር ብርቱካን በዘንቢል ይዞ መጣ። ወይዘሮ አበበች እናቴን እንደ እህታቸው አቅፈው ሳሙ። ኤልያስ ጉሮሮውን ጠራረገና እግዚአብሔር ጸሎቱን እንደሰማው ተናገረ። የትኛውን ጸሎት እንደሆነ አልነገረንም።

«እንግዲህ ነገሩ የጀርባ ከሆነ፣ እኛም ምንም ችግር የለብንም» አለ።

ያን ጊዜ ነበር እንዴት ያለ ትንሽ ሰው እንደነበረ በደንብ ያየሁት። የጠፋው ዕቃ ሳይሰበር ተገኘ ሲባል ሊረከብ የመጣ ነበር የሚመስለው።

«የታመመው ጀርባዬ ነው ኤልያስ። ጆሮዬ ደህና ነው፣ ያልከውን ሁሉ ሰምቻለሁ» አልኩት። ብርቱካኑን መልሼ ዘንቢሉን በእጁ አስያዝኩት። በኋላ ሌላ ሰው አግብቼ ልጆች ወልጃለሁ።

ሐኪሙን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ አገኘሁት። አርጅቷል፤ ጫማው ግን ዛሬም ያብረቀርቃል። የከተማው ሴት ሁሉ በእጁ ያለፈ ነው እያሉ ከፊት አስቀምጠውታል። ሳልፍ እጁን ዘርግቶ፣ «አንቺንም ሳላክምሽ አልቀርም ልጄ» አለኝ። «አዎ፣ አይተውኛል» አልኩ። አጠገቤ የቆመችው የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ልጄ መሆኗን ነገርኩት። እጁን ራሷ ላይ ጭኖ መረቃት። እሷም እንደ ደንቡ አሜን አለች።

ይህን ለምሕረት ስነግራት ፊልሙን ወደ ፌስታሉ መለሰችና ለምን በሰው ፊት እንዳላዋረድኩት ጠየቀችኝ። ደግ ስለሆንኩ ይሆናል ብላ አስባለች። አይደለም። ባለማወቁ አልንቀውም፤ ያን ጊዜ አዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ፊልም የሚያነሣ መሣሪያ አልነበረም፣ ሂሩትም ከእጇና ከአንዲት መርፌ ሌላ የያዘችው የለም። የምንቀው ለማወቅ ባለመፈለጉ ነው። ያን ቀን ልጄን ሲመርቃት እያየሁ አንድ ሺህ ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ከዚያ ፊቱን አየሁት፤ እኔ ከፊቱ ቆሜ እሱ መስኮት መስኮት ያያል። ለዚህ ሰው ትንፋሼን ማባከን አሳፈረኝና ልጄን ይዤ ወደ ምግቡ ሄድኩ።