የዐብዱልከሪም የእንጨት እንስራ

አራዳ ውስጥ ቶርኖ ያለው እንጨት ሠሪ ሁሉ የአልጋ እግር ነው የሚያወጣው። ዐብዱልከሪም ግን የአልጋ እግሩን ጧት ጧት ይጨርስና፣ ከሰዓት የዋንዛ ግንድ ቶርኖው ላይ አስሮ በጠባቡ አፉ መሮ እያስገባ ሆዱን ይፈለፍለዋል። የሚወጣው ነገር እንስራ ይመስላል፤ ውሃ ግን አይቀዳበትም። አፉ ከአንድ ጣት በላይ አያስገባም። ለምን ይጠቅማል ሲሉት "ያምራላ" ነው መልሱ። ረጅሙን ቆልማማ መሮ ብብቱ ሥር ወትፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በእንጨቱ ድምፅ ብቻ ነው የሚፈለፍለው። ላየው ሰው ቆሞ የተኛ ነው የሚመስለው።

ጣጣው የመጣው በፈህሚያ ነው፤ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ዐብደላ ልጅ። መዋደዳቸውን ከሐጂ በቀር ያልሰማ የለም። ነገሩ ከሚሊኒየሙ በፊት ነው። ዐብዱልከሪም መጀመሪያ ሽማግሌ ሲልክ አንድ እንስራ በስጦታ አስያዘ። ሐጂም ቡፌ ላይ አስቀመጡት። እንጨቱ ለካ እርጥብ ኖሯል፤ ቤት ሙሉ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሐጂ ጥይት መስሏቸው ከነጀለቢያቸው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ሲወጡ ጉሮሯቸውን እህ፣ እህ አድርገው፣ ዕቃው እንዲህ ከሆነ ትዳሩማ እንዴት ሊሆን ነው፣ የማይሰነጠቅ ሲሠራ ይምጣ አሉ።

ዐብዱልከሪም ከከተማ ወጣ ብሎ ጠዳ ወረደ። እዚያ ዋንዛ የሚሸጥለት አያ ዳኛው የሚባል ገበሬ አለ። ገበቴ ጠራቢዎች እርጥቡን ዕቃ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ገለባ ውስጥ እንደሚቀብሩት የነገረው እሱ ነው። ግንቦት ላይ ዐብዱልከሪም አንድ ሸጋ እንስራ ሠርቶ በአያ ዳኛው ገለባ ውስጥ ቀበረው። ሽማግሌ ደግሞ ለኅዳር ተቀጠረ።

ክረምት ላይ ከብቶቹ ገለባውን በልተው ጨረሱትና እንስራው ብቅ አለ። አያ ዳኛው አገላብጦ አየው። ጤነኛ ሰው ግንድ ፈልፍሎ ጠባብ አፍ የሚያወጣለት ለንብ ካልሆነ ለምኑ ነው? ውለታ መዋሉ ነው፤ በወይራ አጥኖ፣ እበት መርጎ ዛፍ ላይ ሰቀለው። አደይ ሲፈነዳ ንብ ገባበት።

በቀጠሮው ዋዜማ ዐብዱልከሪም ሲደርስ እንስራው ዛፍ ላይ ያጉረመርማል። አያ ዳኛው መጥረቢያውን ይዞ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ ጠበቀው።

"እንኳን መጣህ። ፈልጠነው ማሩን እንካፈላለን።"

"አያ ዳኛው፣ እሱ እኮ ጥሎሼ ነው።"

"ምነው ታዲያ አትነግረኝም?"

በማግስቱ ንቡን በጭስ አባረው፣ እበቱን ፍቀው፣ ከነማሩ ሚኒባስ ላይ ጫኑት። አያ ዳኛውም በጥፋቱ ተጸጽቶ ሽማግሌ ልሁን ብሎ አብሮ ተሳፈረ። መንገድ ላይ፣ አዘዞ ሲደርሱ፣ ተደብቀው የቀሩ ንቦች ወጡ። ተሳፋሪው ወረደ፣ ረዳቱ ወረደ፣ ሾፌሩም ማኪናውን ጥሎ ወረደ። ዐብዱልከሪም እንስራውን አቅፎ ብቻውን ቀረ። ከአያ ዳኛውና ከሽማግሌዎቹ ጋር ሐጂ ቤት ሲገባ ፊቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል። ሐጂ እሱኑ እያዩ "ልጁስ የታለ?" አሉ።

እንስራው ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ጭሱና ሰሙ አጥቁረውት እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ዞሩት፤ ስንጥቅ የለም። በጥፍራቸው አንኳኩት፣ አሸተቱት። ማር መሆኑን ሲያውቁ ሌባ ጣታቸውን ሰደው ላሱ። ጣማቸውና ደገሙ። ለካ አንዲት ንብ ውስጥ ቀርታ ኖሮ ነደፈቻቸው። ጣቱ እዚያው አበጠ፤ ቢስቡት አልወጣ አለ።

አያ ዳኛው ተነሣ። "መጥረቢያ አምጡልኝ፣ አሁን ነው የምገላግልዎት።"

ሐጂ እንስራውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። "ወግድ። ጣቴን ቁረጥ እንጂ ይችን እንዳትነካ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ቀስ ብሎ፣ "ዕቃውንስ ወደዱት ማለት ነው?" አለ።

"ወደድኩት።"

"ልጅቱንስ?"

ሐጂ ጣታቸውን ደግመው ሳቡ፤ ንቅንቅ የለም። ፈህሚያ የዘይት ጠርሙስ ይዛ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ቆማለች እንጂ አትመጣም፤ መልሱን ነው የምትጠብቀው።

"ሰጥቻለሁ" አሉ ሐጂ። "ዘይቱን ታምጣ ብቻ።"