ግራ እጃቸውን የሚያወጡ ልጆች

ከቡሬ ወጣ ብሎ በሚገኘው የገጠር ትምህርት ቤታችን ለክፍል ምልከታ ሰው ሲመጣ፣ ለማንም የማልነግረው አንድ ዘዴ ነበረኝ። ተማሪዎቼን አስቀድሜ፣ «ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ አውጡ፤ መልሱን የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ» እላቸዋለሁ። እንግዳው ከኋላ ተቀምጦ ሲያይ የክፍሉ እጅ በሙሉ ወደ ላይ ነው። እኔ ቀኞቹን ብቻ እየመረጥሁ እጠራለሁ። በዚህ ዘዴ ስንት ጊዜ «በጣም ጥሩ» ተጽፎልኛል! ያኔ አላፍርም ነበር።

ርዕሰ መምህር ማለት ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ለእኛ ለመምህራን ማኅተምና ቁልፍ ያዥ ነበር። የትምህርት ዕቅዳችንን ሳያነብ ይፈርማል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ያረፈደውን ይመዘግባል። ልጆቹ ምን እንደገባቸው አይጠይቀንም፤ እኛም እንዲጠይቀን አንፈልግም። ስለዚህ አዲሷ ርዕሰ መምህርት ከፍኖተ ሰላም ተዛውራ በመጣች በሳምንቷ፣ «መምህር፣ ክፍልዎ ገብቼ ልይ?» ስትለኝ በሆዴ ሳቅሁ። በዕድሜ ከእኔ በብዙ ታንሳለች። ነይ፣ ታያለሽ አልሁ በልቤ።

መጥታ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረችው ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ወድቃ የምትደግም ነበረች። አባቷ ገበያ ላይ አግኝተውኝ፣ «መምህር፣ ዘንድሮም ከወደቀች በቃ፤ ከቤት ትዋል» ብለውኛል። ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ ግራ እጇን ስታወጣ ነው የኖረችው።

የሒሳብ ትምህርቱ እንደ ማር ወረደልኝ። ሲያልቅ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ጠርታ በሩን ዘጋችና፣ «ቀኝ እጆቹ ጎበዞች ናቸው። አጠገቤ የነበረችውን ግን አንድም ጊዜ አልጠሯትም» አለችኝ። ክው አልሁ። «እኔም ሳስተምር በዚሁ ዘዴ ነበር ስሸፋፍን የኖርሁት፤ በፈተና ያለቁት ግን ግራዎቹ ናቸው» ብላ ጨመረችልኝ።

ቁጣዬ እንደሆነ አፍንጫዬ ላይ ናት። «እንግዲያውስ እርስዎ ያስተምሯቸውና ልይዎት!» አልኋት።

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። «እሺ። ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ። የምልከታውን ቅጽም እርስዎ ይሞሉልኛል» አለች።

መምህር አለቃውን ሲመዝን በሃያ ዓመት አገልግሎቴ አላየሁም። በማግሥቱ ቅጼን ይዤ፣ ክፋቴንም ይዤ፣ ከዚያችው ልጅ ጎን ተቀመጥሁ። ርዕሰ መምህርቷ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ እንዴት እንደሚደመሩ ማስረዳት ጀመረች። አስረዳች፣ አጠፋች፣ እንደገና አስረዳች። የገባው የለም። ላብ በላብ ሆነች። ደስ እያለኝ ከአምስት ሁለት ሰጠኋት።

ከዚያ ዞር ብዬ የልጅቱን ደብተር አየሁ። ባዶ ነው። ሰሌዳው ከኋላ ወንበር ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ደስታዬም እዚያው ጠፋ። የገበሬ ልጅ ነኝና አንድ ነገር መጣልኝ።

«ሲሶ ታውቂያለሽ?» አልኋት በሹክሹክታ።

«አዎ ጋሸ። የእኛ መሬት በሲሶ የተሰጠ አይደል!»

«ከአሥራ ሁለት ኩንታል በቆሎ ሲሶው ስንት ነው?»

«አራት።»

«እርቦውስ?»

«ሦስት።»

«አንድ ላይ ስንት ሆነ?»

«ሰባት» አለች፤ ትንሽ አሰበችና፣ «ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ» ብላ አረመችው።

እስክሪብቶ እንኳ አላነሳችም! ሲሶ አንድ ሦስተኛ፣ እርቦ አንድ አራተኛ መሆኑን የነገራት ስላልነበረ ብቻ፣ አባቷ ምርት ሲያካፍሉ እያየች ያደገችበትን ሒሳብ አታውቀውም ተባለች። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ብድግ አልሁ። «ርዕሰ መምህርት፣ ይቅርታ፤ መልሱ እዚህ ኋላ ነው ያለ!»

ጠመኔውን ለእኔ የምትሰጠኝ መስሎኝ ነበር። ለልጅቱ ዘረጋችላት። ልጅቱ ወጥታ አሥራ ሁለት ጆንያ ሣለች፤ ሲሶውን ከበበች፣ እርቦውን ከበበች፣ ከሥሩ ሰባት አሥራ ሁለተኛ ብላ ጻፈች። «እንዴ፣ ይኸው ነው እንዴ!» የሚል ድምፅ ከየወንበሩ ተነሣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በክፍሌ ቀድመው የሚጠሩት ግራ እጆች ሆኑ። ርዕሰ መምህርቷ የኮሚቴ ሪፖርቶቼን ሁሉ እሷ ወስዳ እየጻፈች፣ ከሰዓቴን ለእነሱ ነፃ አደረገችልኝ። ረቡዕ ረቡዕ እሷ ታስተምራለች፣ እኔ አያለሁ፤ ሐሙስ እኔ አስተምራለሁ፣ እሷ ታያለች። መጀመሪያ ያሾፉብን መምህራን ወር ሳይሞላ፣ «የእኛንስ መቼ ነው የምታዩልን?» ማለት ጀመሩ።

የክልሉ ፈተና ውጤት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ቀን ሁለታችን ቢሮው በር ላይ ቆመን ነበር። ልጅቱ ውጤቷን አይታ እስክትመለስ ወሬ ፈለግሁ። ያቺ የሞላኋት ቅጽ አሁንም ከጠረጴዛዋ በላይ ተለጥፋለች። «ይስጡኝ፣ ያችን ሁለት አምስት ላድርጋት» አልኋት።

«ይተዋት» አለች እየሳቀች። «ያን ቀን ሁለት ነበርሁ። ደግሞስ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

ይህን እያለች ሳለ ልጅቱ ከግርግሩ መሀል ወጣች። እንባዋን አየሁና ወደቀች አልሁ በልቤ። ቆም ብላ በዓይኗ ፈለገችን። ስታገኘን ቀኝ እጇን ወደ ላይ አወጣች።

እኛም ቢሮው በር ላይ፣ መምህርና ርዕሰ መምህርት መሆናችንን ረስተን፣ ቀኝ እጃችንን አወጣን።